ሎሚው ሄዶ ጥዱ ሲቀር፦ የወንዶች ሽቶ ከመግዛት በፊት እንዴት ይፈተናል?

ጥር በሰሜን ሸዋ የሠርግ ወር ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ሣሩ አመዳይ ለብሶ የሚያድርበት ወር ነው። ባለፈው ጥር የእህቴ ልጅ ሊሞሸር ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሽቶ ሊመርጥ ወደ አንድ ሱቅ ገባ። ሻጩ የእጁ አንጓ ላይ ሁለት ጊዜ ረጨለት። ብርቱካን እዚያው ፊቱ የተላጠ ያህል ሸተተው፤ ወደደው። ዋጋውን ጠይቆ፣ ገንዘብ ይዞ ሊመለስ ወጣ። ቤት ሲደርስ ግን ሎሚውም ብርቱካኑም የለም። «ጋሼ፣ ለጥቂት ተታልዬ ነበር፤ ሐሰተኛ ዕቃ ነው» ብሎ እጁን ዘረጋልኝ።

አሸተትሁት። እውነቱን ነው፣ ሎሚው ሄዷል። እጁ ግን ባዶ አልነበረም። ደረቅ፣ ሞቅ ያለ፣ በአናጺ ቤት ደጃፍ ሲያልፉ የሚያውድ ዓይነት የእንጨት ሽታ ቆዳው ላይ ተቀምጧል። የዚያ ሽቶ ዋናው ነገር ይኸው ነበር። እሱ ሲፈልግ የነበረው ሎሚውን ስለሆነ እንጨቱን ከቁም ነገር አልቆጠረውም።

ይህን ቅሬታ ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ፤ ከሙሽሮች፣ ለአባታቸው ስጦታ ከሚገዙ ልጆች፣ ከውጭ አገር ጠርሙስ ከተላከላቸው ሰዎች። ሎሚና እንጨትን ያጣመረ የወንዶች ሽቶ ከሁሉም ዓይነት ይልቅ በመጀመሪያ ደቂቃዎች የሚያሳስት ሽቶ ነው። ብዙ ገንዘብ የሚወጣበት ነገር ስለሆነ፣ ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚሞከር አውቆ መግባት ይጠቅማል።

ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

አብዛኛው አልኮል ነው። አልኮሉ ተሸካሚ ነው፤ መዓዛውን አሟሙቶ ይይዛል፣ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ፈጥኖ ይተናል፣ የተሸከመውንም እዚያው ትቶ ይሄዳል። ጥቂት ውኃም ይጨመርበታል። የቀረው የመዓዛ ዘይቶች ቅልቅል ነው፤ ከልጣጭ፣ ከእንጨት፣ ከሥርና ከአበባ የወጡ ዘይቶችና በቤተ ሙከራ የተሠሩ መዓዛዎች አንድ ላይ የሚገቡበት ነው።

ጠርሙሱ ላይ የሚነበቡት የፈረንሳይኛ ስሞች የሚናገሩት የዚህን ቅልቅል መጠን ነው። ኦ ደ ኮሎኝ የሚባለው በተለምዶ ከመቶ 2 እስከ 5 እጁ፣ ኦ ደ ትዋሌት ከ5 እስከ 15፣ ኦ ደ ፓርፋም ደግሞ ከ15 እስከ 20 ገደማ የመዓዛ ዘይት ነው። ቁጥሮቹ የልማድ ናቸው፤ አንዱ አምራች ኦ ደ ትዋሌት ያለው ከሌላው ኦ ደ ፓርፋም በላይ ሊቆይ ይችላል። በእኛ አገር አነጋገር ልዩነቱ የቅራሪና የጠላ ዓይነት ነው። ቅራሪ ጥም ይቆርጣል፣ ጠላ ያጠግባል፤ ሁለቱም የሚፈለጉበት ቀን አላቸው።

ኮሎኝ የሚለው ቃል፣ ፀጉር አስተካካዩ ከላጨን በኋላ አገጫችን ላይ የሚያቃጥለውን ነገር የምንጠራበት ስም፣ የጀርመን ከተማ ስም ነው። ጣሊያን አገር የተወለደው ዮሐን ማሪያ ፋሪና የሠራበት የቤተሰቡ ንግድ ቤት በዚያች ከተማ የተቋቋመው በ1709 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። የእርሱ ሥራ መሠረቱ ሎሚ፣ ብርቱካንና የዘመዶቻቸው ልጣጭ ነበር። ዛሬ «ለወንድ የሚሆን፣ ንጹሕ፣ ቀለል ያለ» ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው ሽቶ ከዚያ ግንድ የበቀለ ነው። ኋላ የመጡ ሽቶ ቀማሚዎች ከሥሩ እንጨት አስገቡበት። በ1966 ለዲዮር የተሠራው የኤድሞን ሩድኒትስካ «ኦ ሶቫዥ» እና በ2006 ለኤርሜስ የተሠራው የዣን ክሎድ ኤሌና «ቴር ደርሜስ» በዚህ መንገድ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሱ ናቸው፤ የመጀመሪያው ወደ ሎሚው ያጋደለ፣ ሁለተኛው ወደ እንጨቱ። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሎሚው ከየት ይመጣል?

ከልጣጩ ነው፤ ጭማቂው ለሽቶ አይሆንም። የብርቱካን ልጣጭ ብርሃን ላይ ይዘው ቢያዩት ትንንሽ ነጠብጣቦች ይታያሉ፤ እነርሱ የዘይት ከረጢቶች ናቸው። መብራት በጠፋ ማታ ልጆች የሚጫወቱት ጨዋታ አለ፦ ልጣጩን አጥፈው ወደ ሻማው ነበልባል ሲጨምቁት ብልጭ ብልጭ ይላል። ያ የሚነደው ዘይቱ ነው፤ ጣትዎ ላይ የሚቀረውም ሽታ እርሱ ነው። ለሽቶ የሚሆነውም በተመሳሳይ መንገድ፣ ሳይሞቅ በመጨመቅ ይወጣል።

በወንዶች ሽቶ ውስጥ ዋናውን ቦታ የያዘው ግን እኛ ገበያ የማናገኘው ቤርጋሞት የሚባል ፍሬ ነው። አብዛኛው የሚመጣው ከደቡብ ጣሊያን፣ ከካላብሪያ ነው። ፍሬው እንደ ብርቱካን ተልጦ የሚበላ አይደለም፤ ኮምጣጣና መራራ ነው። ሽታው ሎሚና ብርቱካን ተቀላቅለው ከበስተኋላቸው አበባ ያለ ይመስላል። ትርንጎ ቆርጦ ያሸተተ ሰው ወደዚያ የሚጠጋ ነገር ያውቃል።

እንጨቱስ?

እዚህ ላይ ለሰሜን ሸዋ ሰው ደስ የሚል ነገር አለ። የሽቶ ሳጥን ላይ «ሴዳር» የሚል ቃል ሲነበብ ብዙዎች የሊባኖስን ዛፍ ያስባሉ፤ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ዝግባ ብሎ የተረጎመውን። የእኛ ዝግባ ግን ሌላ ዛፍ ነው፤ እንጨቱም ለሽቶ የሚያበቃ ሽታ የለውም። ሽቶ ቀማሚዎች ብዙ ጊዜ ሴዳር የሚሉት የቨርጂኒያ ሴዳር ደግሞ በዕፅዋት ሊቃውንት አመዳደብ ዝግባም ሴዳርም አይደለም፤ የጥድ ወገን ነው። የእኛ የሐበሻ ጥድ፣ በሳይንስ ስሙ ጁኒፐረስ ፕሮሴራ፣ የዚያ የአሜሪካው ዛፍ የቅርብ ዘመድ ነው። ሁለቱም ሲቆረጡ ለሚሸቱት ደረቅና ጣፈጥ ያለ ሽታ ትልቁን ድርሻ የሚያዋጣው የእንጨታቸው ዘይት ነው፤ በሁለቱም ዘይት ውስጥ ሴድሮል የሚባል ንጥረ ነገር ይገኛል።

ስለዚህ ከአንኮበር አጠገብ ወፍ ዋሻ ደን የገባ፣ ወይም ባረጀ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ከጥድ ሥር የተቀመጠ ሰው፣ የውድ ሽቶ ግማሹን ያውቀዋል ማለት ይቻላል። አንድ ነገር ብቻ ይለይ፦ በየመንደሩ ለአጥርና ለግንድ የሚተከለው የፈረንጅ ጥድ ሌላ ዛፍ ነው፤ ሽታውም ይለያል። ምስጥ የማይደፍረው፣ ሲላግ ቀላ ያለ ፍቅፋቂ የሚሰጠው የሐበሻው ነው። ደን ለመሄድ ካልተመቸ እርሳስ ይቅረጹ። የቨርጂኒያው ዛፍ ለረጅም ጊዜ የእርሳስ እንጨት ነበር፤ የእኛም ዛፍ በእንግሊዝኛ የአፍሪካ የእርሳስ ሴዳር የሚባለው በዚሁ ምክንያት ነው። ጥሩ እርሳስ ሲቀረጽ የሚወጣው ሽታ፣ ያ የእህቴ ልጅ እጅ ላይ የነበረው ሽታ ነው።

ከጥዱ ጋር ሌሎችም ይገባሉ። ሰንደል ቤት ውስጥ ከሚጨሰው እንጨት ስሙን እናውቀዋለን፤ ለሽቶ የሚሆነው ዘይት ልስላሴ ያለው፣ ወተት ወተት የሚል ነው። ቬቲቨር ደግሞ በአገራችን አፈር እንዳይሸረሸር በእርከን ላይ የሚተከለው ሣር ነው። ሽቶ የሚሆነው ቅጠሉ ሳይሆን ሥሩ ነው፤ ዝናብ የመታው አፈርና ጭስ የተቀላቀሉበት ይመስላል። በቤተ ሙከራ ከተሠሩት መካከል አይሶ ኢ ሱፐር የሚባለው በዚህ ዓይነት ሽቶ ውስጥ በብዛት ይገባል፤ ለስለስ ያለ የጥድ መዓዛ አለው። ስለዚህኛው አንድ ነገር ይታወስ፦ አንዳንድ ሰው ጨርሶ አይሸተውም፣ ለአንዳንዱም መጥቶ ይጠፋል። አፍንጫ ከአፍንጫ ይለያል። ጓደኛዎ «ምንም አይሸትም» ቢልና እርስዎ ቢሸትዎ ሁለታችሁም ልክ ልትሆኑ ትችላላችሁ።

ሎሚው ለምን ቀድሞ ይሄዳል?

ብዙ ሰው ይህንን በቡና ምሳሌ ያስረዳል፦ መጀመሪያ አቦል፣ ቀጥሎ ቶና፣ መጨረሻ በረካ። ምሳሌው ያምራል፤ ሽቶው ውስጥ የሚሆነውን ግን በትክክል አያሳይም። ቶና አቦል እስኪጠጣ ይጠብቃል። ሽቶ ውስጥ ተራ የሚጠብቅ የለም። ቆዳ ላይ ከተረጨበት ቅጽበት ጀምሮ ሎሚውም እንጨቱም አንድ ላይ መትነን ይጀምራሉ፤ የሚለያዩት በፍጥነት ነው።

ይልቅ ከገበያ የሚመለሱ መንገደኞችን ያስቡ። ከመንዝ ገበያ አንዱ በፈረስ፣ አንዱ በበቅሎ፣ አንዱ የተጫነች አህያ እየነዳ በአንድ ሰዓት ተነሡ። መጀመሪያ ላይ ዓይን የሚስበው ፈረሱ ነው፤ አቧራውን አስነሥቶ ወዲያው ከኮረብታው ጀርባ ይሰወራል። በቅሎዋ እኩለ ቀን ድረስ ትታያለች። አህያዋ ከጠዋት ጀምሮ መንገዱ ላይ ነበረች፤ እኛ የምናያት ግን ሌሎቹ ካለፉ በኋላ ነው።

ፈረሱ ሎሚው ነው። የሎሚና የብርቱካን ልጣጭ ዘይት በአብዛኛው ሊሞኒን የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ አንዱ ሞለኪውል 10 የካርቦን አቶሞች ብቻ አሉት፤ ቀላል ነው፤ በቀላሉም ወደ አየር ይነሣል። የጥዱ ሴድሮል 15 ካርቦን አለው፤ ከበድ ያለ፣ ከቆዳ ለመነሣት የሚዘገይ ነው። ለአፍንጫ ቀድሞ የሚደርሰው ብዙ የሚተነው ስለሆነ፣ መጀመሪያ ሎሚው እንጨቱን ይጋርደዋል። ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ሎሚው አብዛኛውን ተኖ ያልቃል። መካከል ላይ ያሉት፣ ቁንዶ በርበሬ፣ አበባ፣ ቅጠላ ቅጠል፣ ጥቂት ሰዓት ይቆያሉ። እንጨቱ እስከ ማታ፣ ልብስ ላይ ደግሞ እስከ ማግሥቱ ይደርሳል።

ስለዚህ የሎሚው መጥፋት የሐሰተኛ ዕቃ ምልክት አይደለም፤ የልጣጭ ዘይት ተፈጥሮ ነው። በዓለም እጅግ ውድ የሆነውም ሽቶ ይህን ሕግ አያመልጥም። ቀማሚዎች ስሜቱን ለማቆየት የሚያደርጉት ሎሚ የሚያስታውሱ፣ ግን ቀስ ብለው የሚተኑ ነገሮችን ማስገባት ነው። «ኦ ሶቫዥ» በሽቶ ታሪክ ውስጥ ስሙ የሚነሣው ሄዲዮን የሚባለውን ቀለል ያለ የጃስሚን አበባ አየር የሚሰጥ ንጥረ ነገር በመጠቀሙ ነው፤ ሎሚው ካለፈ በኋላም ትኩስነቱ ያልተቋረጠ ያስመስላል።

እንግዲህ እንዴት ይሞከራል?

በሱቅ ውስጥ የሚሰጥዎትን ወረቀት ይቀበሉ፤ ግን ውሳኔ አይስጡበት። ወረቀት ሙቀት የለውም፣ ላብ የለውም፣ ቅባት የለውም፤ ሽቶውን በዝግታ ያሳያል። ጥቅሙ የማይፈልጉትን ቶሎ መለየቱ ነው። ከረጩ በኋላ ወዲያው አፍንጫዎ ላይ አይለጥፉት፤ መጀመሪያ የሚወጣው አልኮሉ ነውና ከግማሽ ደቂቃ በላይ ይታገሱ። በወረቀት ከወደዷቸው መካከል አንዱን፣ ቢበዛ ሁለቱን፣ በየእጅዎ አንጓ ላይ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ይርጩ። ከዚያ ከሱቁ ይውጡ። ይህ ከምክሩ ሁሉ ከባዱ ነው፤ ሻጩ ቆሞ ሲጠብቅ እጅ ኪስ መግባቱ አይቀርምና። «አመሰግናለሁ፣ እመለሳለሁ» ብሎ መውጣት ነውር የለበትም።

አንጓዎን ከአንጓዎ ጋር አይፈትጉ። ፍትጊያው ያሞቀዋል፤ ሎሚው ከሚገባው ቀድሞ ይሄዳል። ይልቅ ሰዓት ይያዙ። ወዲያው፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ ማታ ሲተኙ ያሽቱት። ከእነዚህ አራቱ ውስጥ ብዙ ሰዓት አብሮዎት የሚውለው የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሽታ ነው፤ የሚከፍሉትም በአብዛኛው ለእነርሱ ነው። እንጨቱን ካልወደዱት፣ ሎሚው ምንም ያህል ቢያስደስት ያ ሽቶ ለእርስዎ አይሆንም።

አንድ ቀንም አይበቃም። ስለዚህ ትንሽ ናሙና ማግኘት ከሁሉ ይሻላል። አንዳንድ ሻጮች ከትልቁ ጠርሙስ 2 ሚሊ ሊትር ቀድተው በትንሽ ብልቃጥ ይሸጣሉ። እንደ መርጫው ዓይነት ከ20 ጊዜ የማያንስ ርጭት ይወጣዋል፤ አንድ ሳምንት ለመሞከር ይበቃል። ብልቃጡ የመስታወት ይሁን፣ ክዳኑም አጥብቆ የሚገጥም ይሁን፤ ክፍተት ካለው ቀድሞ የሚያመልጠው ያው ሎሚው ነው።

አፍንጫችንን ማመን እንችላለን?

በመጠኑ። ሊንዳ ባክና ሪቻርድ አክስል በ1991 ሽታ የሚቀበሉትን የአፍንጫ ተቀባዮች የሚሠሩ ዘረ መሎችን አግኝተው በ2004 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። የሰው ልጅ 400 ገደማ ዓይነት ተቀባዮች አሉት፤ አንድ ሽቶ በአንድ ጊዜ ብዙዎቹን ይነካል፤ አእምሮም ድምሩን «ጥድ» ወይም «ብርቱካን» ብሎ ያነበዋል። ይህ ሥርዓት አዲስ ነገር ለመለየት የተሠራ ነው፤ ያልተለወጠውን ሽታ ቸል ይላል። በርበሬ ሲደልዝ የዋለ ሰው ሽታውን አያስተውለውም፤ ከውጭ የገባው እንግዳ ግን ከበሩ ያስነጥሳል። ሽቶም እንዲሁ ነው። «ጠፋብኝ» ያልነው ብዙ ጊዜ እኛ ስለለመድነው ነው፤ አጠገባችን ያለ ሰው ይሸተዋል። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ ወጣ ብሎ ንጹሕ አየር መሳብ፣ ከዚያ ተመልሶ ማሽተት፣ ወይም ቤተሰብን መጠየቅ። እርግጠኛ ሳይሆኑ ደጋግሞ መርጨት ታክሲ ውስጥ አብረውዎት የተቀመጡትን ማስጨነቅ ነው።

በሱቆች ውስጥ የቡና ፍሬ በብርጭቆ ተቀምጦ «አፍንጫ ያጸዳል» ሲባል ይሰማል። ቡና ራሱ ብርቱ ሽታ ነው፤ ለደከመ አፍንጫ ከተራ አየር የተሻለ ዕረፍት አይሰጥም። ከሦስት ሽቶ በኋላ የሚያስፈልገው ደጅ መውጣት ነው።

ደብረ ብርሃንና ሸዋ ሮቢት አንድ ሽቶ አንድ ዓይነት ይሸታል?

አይሸትም። ይህ በእኛ አካባቢ በጣም ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በጣርማ በር ዋሻ አልፈን፣ ደብረ ሲናን ተሻግረን ሸዋ ሮቢት ስንደርስ 1,300 ሜትር እንኳ አንሞላም። መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ የአየሩ ልዩነት ግን ካፖርትና እጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ነው። ትነት ደግሞ የሙቀት ልጅ ነው።

በብርድ ሁሉም ነገር ይዘገያል። ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋት የተረጨ ሽቶ ቆዳ ላይ ቁጥብ ሆኖ ይቀመጣል፤ በጋቢና በሹራብ ሲሸፈን ደግሞ ከሰውነት ሙቀት ጋር ቀስ እያለ ይወጣል። እንጨት የበዛበት ሽቶ እዚህ ያምራል፤ ሎሚ ብቻ የሆነው ግን ድምፁ አይሰማም። ሸዋ ሮቢት ላይ ተቃራኒው ነው። ሎሚው በአንድ ጊዜ ይፈነዳል፣ ይሄዳል፤ እንጨቱ ከሙቀቱና ከላቡ ጋር ከፍ ብሎ ይወጣል። ደጋ ላይ ሦስት ጊዜ መርጨት የለመደ ሰው ቆላ ወርዶ ያንኑ ቢያደርግ ይበዛበታል። ስለዚህ አዲስ አበባ ሱቅ ውስጥ ሞክረው የወደዱትን፣ በሚኖሩበት አየር ሳይሞክሩ አይግዙ።

የደጋው አየር ደረቅ መሆኑም ቆዳን ያደርቃል፤ ደረቅ ቆዳ ላይ ሽቶ ቶሎ ይጠፋል። ሽታ የሌለው ቫዝሊን በስሱ ተቀብቶ ከላዩ ቢረጭ ይቆያል።

ቆዳና ልብስ ላይ ጉዳት አለው?

ሎሚ ካለበት ሽቶ ጋር ፀሐይን ማስታወስ ይገባል። የቤርጋሞት ልጣጭ ዘይት በተፈጥሮው ቤርጋፕቴን የሚባል ነገር አለው፤ ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ሲያርፍበት ቆዳን ያቃጥላል፣ ጥቁር ጠባሳም ይተዋል። የታወቁ አምራቾች ይህ ነገር የወጣለትን ዘይት ይጠቀማሉ ወይም መጠኑን ይገድባሉ። ቤት ውስጥ ሎሚ ጨምቆ ወይም የልጣጭ ዘይት ከአልኮል ቀላቅሎ አንገት ላይ መቀባት ግን አደገኛ ነው፤ በደጋ ፀሐይ ደግሞ ይብሳል። ይህን የምለው ሲደረግ ስላየሁ ነው። ሊሞኒን ሲያረጅና አየር ሲነካው አንዳንድ ቆዳን ያሳክካል፤ በሳጥኑ ላይ በደቂቅ ፊደል የሚጻፉት ስሞች ለዚህ ማስጠንቀቂያ ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ በክርን እጥፋት ላይ ጥቂት ረጭቶ አንድ ቀን መጠበቅ መልካም ነው።

ነጭ ጋቢና ነጠላ ላይ አይርጩ፤ ቢጫ ነቁጥ ሊቀር ይችላል። አልኮል ደግሞ ነዳጅ ነው፦ ጧፍ፣ ሻማ ወይም ከሰል ባለበት ቦታ ሽቶ አይረጭም።

ሐሰተኛውን በምን እንለየው?

ሎሚው መጥፋቱን ምልክት አያድርጉ። ይልቅ ከአንድ ሰዓት በኋላ ምን ቀረ ብለው ይጠይቁ። እንጨቱ ከሌለ፣ ወይም አልኮሉ ከሄደ በኋላም የሚጎረብጥ፣ የቀለም ማቅጠኛ የሚመስል ሽታ ከቀጠለ ይጠርጥሩ። ሳጥኑ ላይ ያለው የምርት መለያ ቁጥር ከጠርሙሱ ግርጌ ካለው ጋር ይመሳከር። ደግሞ እውነተኛ ሆኖ የተበላሸም አለ። መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ጠርሙስ ቀድሞ የሚጎዳው ሎሚው ነው፤ የቆየ ዘይት ዘይት ይሸታል። ከመደርደሪያው ጥግ፣ ከሳጥኑ ውስጥ ያለውን ይጠይቁ፤ ቤትም በጨለማና በቀዝቃዛ ቦታ ያኑሩት።

«የወንድ» የሚባለው ለምንድን ነው?

ይህ የሻጮች አከፋፈል ነው። የፋሪናን ውኃ ወንዱም ሴቱም ይቀባው ነበር፤ ናፖሊዮን ኮሎኝ በብዛት ያፈስ ነበር። ቤታችን የሚጨሰው ዕጣንና ከርቤ ለወንድ ለሴት ተብሎ እንደማይከፈል ሁሉ ጥድም ብርቱካንም ጾታ የለውም። የእህቴ ልጅ እጮኛ ያንኑ ሽቶ ከእሱ አስቀድማ ወድዳዋለች።

እሱን 2 ሚሊ ሊትር አስቀድቼለት ለአንድ ሳምንት ሞከረው። የሠርግ ጥሪ ሊያደርስ ሸዋ ሮቢት የወረደ ዕለት፣ በተረፈ የጥሪ ካርድ ጀርባ ላይ ሰዓት በሰዓት ጻፈልኝ፦ «ጠዋት 1 ሰዓት፣ ደብረ ብርሃን፣ ብርቱካን። 2 ሰዓት፣ መኪና ውስጥ፣ ሎሚው እየራቀ ነው። 4 ሰዓት፣ ደብረ ሲና፣ ቁንዶ በርበሬ። 7 ሰዓት፣ ሸዋ ሮቢት፣ በረታ፤ አክስቴ ምን ቀባህ አለችኝ። ማታ 2 ሰዓት፣ እርሳስ።»